የተዘለለው ፎልደር

አዛለች ቁጭ ብላ ኮድ መጻፍ አይሆንላትም። ሦስት መስመር ትጽፍና ትነሳለች፤ ቡታጅራ የተከራየቻትን ክፍል ከበር እስከ መስኮት ሁለት ጊዜ ተመላልሳባት ትቀመጣለች። ከሥሯ ያሉት አከራይዋ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ በመጀመሪያው ሰሞን ደረጃውን ወጥተው፣ “ልጄ፣ ፎቁ ላይ በሬ አስገባሽ እንዴ?” ብለዋት ነበር። አሁን ለምደዋል።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የተወለደችው እንሴኖ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። አባቷ በርበሬ ይነግዳሉ፤ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይተው ገዝተው አያውቁም፣ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተው ከሥር ያወጣሉ። እሷ ግን ለዚህ ትዕግሥት አልነበራትም። ወልቂጤ ኮምፒውተር ተማረች፤ እዚያው አምስት ሰዎች ያሉት ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። ሰኞ ሰኞ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ሌላውን ቀን ከክፍሏ ትሠራለች።

ሰኔ ላይ ቡታጅራ ላለ የሕፃናት ክሊኒክ ፕሮግራም ሠሩ። የልጁ የልደት ቀን ሲገባለት ዕድሜውን ያሰላል፤ የክትባት ቀጠሮና የመድኃኒት መጠን ያወጣል። በጥቅምት አንድ ዓርብ፣ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሥራውን ላሠራው ድርጅት የኮድ ምርመራ ሪፖርት መላክ ነበረባት። ሪፖርቱ ንጹሕ ከሆነ ፕሮግራሙ ሰኞ ጉንችሬና ወልቂጤ ባሉ ክሊኒኮችም ይጫናል።

ኮዱን የሚመረምረው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ መስመር በመስመር አንብቦ ስህተት የመሰለውን በቀይ ያወጣል። የቱን ፋይል እንዲያነብ፣ የቱን እንዲዘልል የሚነገረው በአንዲት አጭር ፋይል ነው። ያቺን ፋይል የጻፈችው አዛለች ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መርማሪውን አስነሳችው። ዜሮ ቀይ። የቀረው የክሊኒኩ ፊርማ ነበር፤ ወረቀቱን ይዛ ወደዚያው ሄደች።

“ሲስተር፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ቸኩያለሁ።”

“አንቺ ደግሞ መቼ ሳትቸኩይ ታውቂያለሽ? ቁጭ በይ!” ሃያ ሁለት ዓመት ሕፃናት ሲከትቡ የኖሩት ሲስተር ሳሌሃ እስክሪብቶ ፍለጋ መሳቢያውን ሳቡ። ሰማያዊ ደብተር ወጣ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የጳጉሜ ልጆች። አሥራ አንድ ናቸው። ማሽንሽ ጳጉሜ ሲሉት ጭጭ ይላል፤ መስከረም አንድ ተወለዱ ብለን ነው የምናስገባቸው።”

“የየትኛው ዓመት መስከረም?”

ሳሌሃ እስክሪብቶውን አገኙ። “ዓመቱንማ አልነካነውም።”

አዛለች በጣቷ ቆጠረች። ጳጉሜ የተወለደ ልጅ መስከረም አንድ ከተባለ አዲስ ዓመት ገብቷል፤ ዓመቱ ካልተቀየረ ግን የአርባ ቀኑ ሕፃን ኮምፒውተሩ ላይ አሥራ ሦስት ወር አልፎታል።

“መድኃኒቱስ?”

“ወላሂ፣ እኔ እያለሁ? የትልቅ ልጅ መጠን ሲያወጣ ሰርዤ በእጄ እጽፋለሁ። ልጁን እኮ አየዋለሁ።”

“ማነው መስከረም አንድ በሉ ያላችሁ?”

“አንቺ ነሻ! ጳጉሜ ሦስት ብደውልልሽ፣ ‘ለጊዜው እንዲያ ይበሉት’ አላልሽኝም?”

ብላለች። ለአዲስ ዓመት እንሴኖ እየሄደች፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆና። ቤት ስትደርስ መርማሪውን አስነስታ ዜሮ አየች፤ የኔትወርክ ችግር ነው ብላ ረሳችው። ጉንችሬ ግን ሲስተር ሳሌሃ የሉም።

ሳታስፈርም ወጣች። ባጃጅ አልጠበቀችም።

ክፍሏ ገብታ ሳትቀመጥ ያቺን አጭር ፋይል ከፈተች። አራተኛው መስመር፣ “ከውጭ የመጣ” የሚባለውን ፎልደር ከነይዘቱ ዝለል ይላል። ግንቦት ላይ የጻፈችው ነው። ያኔ ፎልደሩ ውስጥ የነበረው ከኢንተርኔት የወረደ የሰው ኮድ ነበር፤ መርማሪው ሲጮህባት ሰለቻትና ዘጋችው። ሰኔ ላይ የራሷን የቀን መቁጠሪያ ፋይል ለአጠቃቀም ይመቻል ብላ እዚያው ከተተች። ከመስመሩ አጠገብ፣ በራሷ እጅ፣ “ለጊዜው” የሚል ማስታወሻ አለ።

መስመሩን አጥፍታ መርማሪውን ደግማ አስነሳችው። አርባ ሰባት ቀይ። አሥራ ዘጠነኛው የእሷ ነበር፦ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የያዘ ዝርዝር፣ አሥራ ሦስተኛውን፣ ጳጉሜን፣ ይጠየቃል።

አለቃዋ ግሩም ከወልቂጤ ደወለ። “አዙ፣ ላክሽው?”

“ዜሮው ውሸት ነው። አርባ ሰባት ነው።”

“ምን?”

ነገረችው።  “በቃ፣ አንዷን አስተካክዪ፣ መስመሩን መልሺውና ላኪ። ሌላው የሰው ኮድ ነው፣ ማን ያየዋል?”

“ባለፈውም ማንም አላየውም።”

“ለሰኞ መኪና ተከራይቻለሁ እኮ! የአምስታችን እንጀራ ነው፣ ያንቺ ብቻ መሰለሽ?”

እውነቱን ነው። ስልኩን ዘግታ ከበር እስከ መስኮት ተመላለሰች። ታች አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሬዲዮናቸውን ከፍ አደረጉ።

ወሩን ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ በቃት። መርማሪው አርባ ስድስት አለ። መስመሩን አልመለሰችም። ከሪፖርቱ አናት ላይ እስካሁን የተዘለለው ምን እንደነበር፣ ማን እንዳዘለለው ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ያለ ፊርማው ላከችና የታረመውን ፕሮግራም ይዛ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች። መርማሪው የሚያነበው ኮድ ብቻ ነው፤ የገባውን የልደት ቀን አያነብም።

ሳሌሃ ከደብተሩ እያነበቡ፣ እሷ ቆማ ታስገባለች። ጳጉሜ ሁለት። ጳጉሜ አንድ። ጳጉሜ አምስት፣ መንታ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል።

“አንሺው እንጂ።”

“ይቆይ። ስንት ቀረ?”

“ሁለት።”

አሥራ አንደኛው ሲገባ አነሳችው።

“ሪፖርቱን አይተውታል” አለ ግሩም። ድምፁ ደክሟል። “ሰኞ አይጫንም። ውሉን አላፈረሱም፤ ግን እስካሁን ለእነሱ ከሠራነው ሁሉ ምን ምን እንደተዘለለ በዝርዝር ይላክልን ብለዋል። አዙ… ያቺን ፋይል ሌላ ቦታ ተጠቅመንባታል እንዴ?”

ለሌላ አራት ሥራ ገልብጣታለች። ጊዜ ለመቆጠብ።

“ሰኞ እመጣለሁ” አለች። ቀጠለችና፣ “የለም፣ ዛሬ ነው የምመጣው። ሚኒባስ ካገኘሁ።”

ሳሌሃ ወረቀቱን ፈርመው ዘረጉላት፤ አዛለች ግን በሩን አልፋ ሄዳለች።