ሴቶቹ ሜዳውን ያልለቀቁ ዕለት

ጂንካ ውስጥ አንድ ሆቴል ቁጭ ብዬ፣ በቴሌቪዥን የሴቶች ቴኒስ ሲተላለፍ የኳሷን ንጥረት ሰማሁና የደርግ ጊዜ ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

በትምህርት ቤታችን የሲሚንቶ ሜዳ እኅቴ አስቴር ለአውራጃው የሴቶች ቴኒስ ዋንጫ ከአንድ ነጋዴ ልጅ ከዘይነባ ጋር ትጫወት ነበር። መሀል ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ፣ «ወንዶቹ መረብ ኳስ ሊለማመዱ ነው፤ ልቀቁ!» አለ።

«ሳንጨርስ አንለቅም!» አለች አስቴር። ዘይነባም መጥታ አጠገቧ ቆመች።

ከዳር የቆመችው እናቴ ትቆጣታለች ብዬ ስፈራ፣ «አበጀሽ! እኔም ያኔ እንቢ ብዬ ቢሆን ኖሮ...» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ጨዋታውን ሊያዩ የመጡት ሌሎች ሴቶች ማጨብጨብ ሲጀምሩ ሊቀመንበሩ ትቶን ሄደ። አስቴር ብትሸነፍም እየሳቀች ወጣች።

እማዬ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሳትጠየቅ እንደተዳረች የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከሆቴሉ ወጥቼ ቤት ስገባ፣ «ያን ቀን አስቴርን ለምን አልከለከልሻትም?» አልኳት።

«ደግሞ እሷን ማን ሊከለክላት!» አለችኝ።