ወደ ቂብላ የዞረችው ቤተ ክርስቲያን

«በሠራተኛው ድንቁርና ምክንያት።» ይህችን ሐረግ ያነበብኳት ወልድያ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ነው። ሠራተኛው የተባሉት አባቴ ናቸው። ደሜ ፈላ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመርሳ ወጣ ብሎ አንዲት ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። የእድሳት ኮሚቴው በደብዳቤው «ካቴድራል» ይላታል፤ እኛ «ካቶሊኳ» ነው የምንላት። ምእመኖቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ግድግዳዋን በድንጋይና በኖራ የገነቡት አባቴ ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ እጃቸው ያላረፈበት መስጊድ ቢፈለግ አይገኝም። ቤተ ክርስቲያን ሥሩልን ሲባሉም ጎረቤት ነውና እሺ አሉ። ድንጋዩን ያጋዘው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ደቦ ወጥቶ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ብርቅ አይደለም።

ያን ጊዜ የነበሩት ቄስ ፈረንጅ ናቸው፤ አማርኛው ገና አልገባላቸውም። መሠረቱ ሊቆፈር ሲል አባቴ «ፊቷ ወዴት ይሁን?» ብለው ጠየቋቸው። ምሥራቅ የሚለው ቃል ጠፋባቸው መሰለኝ፣ ቄሱ «ወደ ጸሎት» ብለው ደሴ ሄዱ። አባቴ ምን ያድርጉ? ጸሎት ወዴት እንደሆነ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ ማለትም ወደ ሰሜን አዞሯት። ቄሱ ሲመለሱ ግድግዳው ከወገብ አልፏል። ነገሩ ሲገባቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እግዜር በዚያም በኩል አለ፣ ቀጥሉ አሏቸው። መንበሩም በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ተተከለ። ከዚያ ወዲህ አገሬው አባቴን «የካቶሊኮች ኢማም» እያለ ሲቀልድባቸው ኖረ፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ባለፈው ዓመት እድሳት መጣ ተባለ። ጦርነቱ ጣራዋን በሳስቶት ነበርና ሁላችንም ደስ አለን። ኮሚቴው ለምርቃቱ መጽሔት ታሪኳን ጻፊልን አለኝ፤ የአማርኛ አስተማሪ ነሽ፣ የግንበኛውም ልጅ ነሽ ተብሎ። የቄሱን ሳቅ ሳይቀር ጻፍኩት። አባቴ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ሳነብላቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና እንዲህ ተብሎ ይታተማል ወይ አሉኝ። ሳልሞት ሰው ያንብበው ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ይታተማል አልኳቸው። ምን አፌን ከፈተው!

የታተመው ሌላ ነው። ስሜ ከሥሩ ተጽፏል፤ ሳቁ የለም፣ ደቦው የለም። «በሠራተኛው ድንቁርና ምክንያት አቅጣጫዋን ስታ የቆየችው ቤተ ክርስቲያን በዚህ እድሳት ተስተካከለች» ይላል። ለካ የእድሳቱ መሐንዲስ መንበሩን ወደ ምሥራቅ ወስዶ፣ የአባቴን የሰሜን ግድግዳ በርቅሶ በር አውጥቶበታል።

በማግሥቱ መርሳ ወረድኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቃሉን ትንሽ አሳጠርነው እንጂ ምንም አልነካነውም አለኝ። ምንም! መሐንዲሱ ደግሞ ሳቅ እያለ፣ «ሰውዬው ኮምፓስ አያውቅም ነበር፤ ይሄ ምን ያናድዳል?» አለኝ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሽማግሌ፣ ሰውዬው! እዚህ አገር መንገድ ላይ የምታገኘውን የማታውቀውን ሽማግሌ እንኳ አንቱ ትለዋለህ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። አስተማሪነቴን ረስቼ ጮህኩባቸው። መጽሔቱን ሰብስቡ ብላቸው ተበትኗል አሉኝ።

ለአባቴ መንገር ነበረብኝ፤ እኔ ብተወው ጎረቤት ሊነግራቸው ነው። ሐረጓን ሳልዘል አነበብኩላቸው። አልተቆጡም፤ እሱ ደግሞ የባሰ አንጀቴን አሳረረው። «ወላሂ አልተሳሳትኩም» አሉ። «ወደ ጸሎት አሉኝ፤ ወደ ጸሎት ሠራሁላቸው።»

ከዚያ ለምርቃቱ ውሰጂኝ አሉኝ። ባይሄዱ በወደድኩ፤ ግን እንዴት ብዬ እንቢ እላቸዋለሁ?

በምርቃቱ ቀን ከአዲሱ በር ፊት ለፊት፣ ደጅ ላይ፣ ወንበር አስመጥቼ አስቀመጥኳቸው። የተጋበዙት ባለሥልጣናት እያለፏቸው ገቡ፤ አንድም ማን ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም። ኮሚቴውን በሆዴ እየረገምኩ አጠገባቸው ቆምኩ። አግዳሚ ወንበሮቹ ገና አልደረሱም ነበርና የካቶሊኳ አሮጊቶች ምንጣፍ ላይ ነው የተቀመጡት። አሁን ያሉት ቄስ ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸሎት ጀመሩ፤ ሕዝቡም ተንበረከከ።

አሮጊቶቹም ተንበረከኩ፤ ግን ወደ ሰሜን ዞረው። ዕድሜ ልካቸውን ወደዚያ ነው የጸለዩት። መንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን በር አለ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከበሩ ማዶ አባቴ ተቀምጠዋል። መሐንዲሱ ከጥግ ሆኖ በእጁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ምሥራቅ እያለ ያሳያቸዋል። አንዷም አላየችው።

አባቴ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «ወዴት ዞሩ?»

«ወዳንቱ ነው፣ አባዬ» አልኳቸው።