ለእማማ ዑምኩልሱም ክፍል የሚሆን ቀለም

መጀመሪያ ያየሁት የፈዲላን ጥፍሮች ነው። የአውራ ጣቷን ነጭ፣ የሌባ ጣቷን ጥቁር ቡናማ ቀለም ነክቶታል። ፈዲላ ሐይቅ ከተማ ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ ግቢዋ ውስጥ የተከራየሁ መምህር ነኝ። ሰሞኑን የስፌት መኪናዋ ላይ አትረጋም። አንድ እጅጌ ሳትጨርስ ብድግ ትላለች፤ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ግድግዳ አይታ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትነሳለች።

ክፍሏ የእናቷ ናት። እማማ ዑምኩልሱም አምባሰል፣ ውጫሌ አካባቢ፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ከደጃፋቸው ስለወደቁ ፈዲላ አመጣቻቸው፤ ለክብራቸውም ክፍሏን ነጭ ቀባች። አሮጊቷ በማግስቱ ጓዛቸውን ቋጥረው በር ላይ ተቀመጡ።

«ውጫሌ የሚሄድ መኪና ፈልጉልኝ።»

«ምን ጎደለሽ እማ?»

«ምንም። ከፈን ዘርግታችሁ ጠበቃችሁኝ፤ እኔ ገና ነኝ!»

ፈዲላ ክው አለች። በዚያው ቀን ጥቁር ቡናማ ገዝታ አንዱን ግድግዳ ቀባች። እናትየው ጭስ የጠገበው ቤታቸው ትዝ ብሏቸው ፈገግ አሉ፤ ሲመሽ ግን በሩ ጠፍቷቸው ግድግዳ ሲዳብሱ አገኘናቸው።

«ነጩ ያስኮበልላታል፣ ጥቁሩ ይጥላታል» አለችኝ ፈዲላ። «አንተ ግጥም ጻፊው፣ የቱ ይሻላል?»

«ሐይቁ እንኳ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው» አልኳት።

«ሐይቁን ማን ይቀባዋል! ቁም ነገር ብጠይቀው…»

ዛሬ ሱሪዬን እያሳጠረችልኝ ሳለ ከጓሮ የቆርቆሮ ኳኳታ ሰማን። ሮጠን ገባን። እማማ ዑምኩልሱም ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን ቡናማው ውስጥ እየነከሩ፣ የነጩን ግድግዳ ግርጌ በሰፊ ቅስት ይለቀልቃሉ። የሚያምር ነገር!

«ምነው እማ፣ ወገብሽ!»

«ቤት የሚለቀልቀው የሚኖርበት ነው። በየአረፋው ቤቴን ራሴ ስለቀልቅ ኖሬ፣ እንደ እንግዳ ቀብታችሁ አስገባችሁኝ። ታቹን እኔ አጠቁረዋለሁ፤ ላዩን ተዪው። የበሩንም ዙሪያ በነጩ ተዪልኝ፣ እንዳላጣው።»

«ታዲያ ትቀመጫለሽ?» አለች ፈዲላ።

«በዚህ እጄ የት እሄዳለሁ? ይልቅ ቀለሙ አልቋል።»

ፈዲላ ባዶውን ቆርቆሮ አንጠልጥላ ወጣች።

«ሱሪዬስ እትዬ?»

«አብሽር!» አለች፤ ዞር ሳትል፣ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ቀለም ቤቱ ፈጠነች።