«ሰክሯል» ብላችሁ የሳቃችሁበት ሰው

ዛሬ አሰላ እህል ገበያ አንድ ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ፣ አርባ ሰው ከቦ ሳቀበት!

ሰውየው ገብስ ሊሸጡ ከሳጉሬ የመጡት አቶ ቱፋ ናቸው። ቆመው ሲቀባጥሩ ቆዩና ዘጭ አሉ። «በጠዋቱ ጠጅ!» አለ አንዱ። ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫቸው ሥር ያዘ።

እኔ ጎንበስ ብዬ አፋቸውን አሸተትኩ። የመጠጥ ሽታ የሚባል የለም።

አብረዋቸው የመጡት ጎረቤታቸው አዴ ጫልቱ «ኧረ መንገድ ላይ ከበቅሎ ወድቀው ድንጋይ ራሳቸውን መቷቸዋል!» እያሉ ይጮኻሉ።

«እትዬ፣ ዝም ይበሉ! ስካርን እኛ እናውቃለን» አሏቸው ከከበቡት አንዱ።

ታውቃላችሁ፣ ሌላ ምን ታውቃላችሁ!

ተሸክመን ክሊኒክ ስናደርሳቸው የሚያክመው ድሬሰር መጀመሪያ የጠየቀው «ከመውደቃቸው በፊት ምን ሆኑ?» ብሎ ነው። ከዚያ ሁሉ አዋቂ መሐል አዴ ጫልቱ ብቻ መለሱ። ድሬሰሩ «እስካሁን ምን ትጠብቁ ነበር?» ብሎ ጮኸብንና በመኪና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካቸው። ይትረፉ አይትረፉ አናውቅም።

የሆስፒታሉ ሐኪም እንዲያነበው የአዴ ጫልቱን ቃል ጽፌ አቶ ቱፋ ኪስ የከተትኩት እኔ ነኝ። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ቢሆንም ጽሕፈቴን ዳኛም ያነበዋል።

በእናንተስ ሰፈር በሽተኛ «ሰካራም» ተብሎ ተስቆበት ያውቃል? ንገሩኝ፤ ዛሬ የሳቁትን መስደቡንም በጽሑፍ እችልበታለሁ።