የሠርጌ ዕለት የመረጥነው ብረት

ዛሬ ጠዋት የጎረቤት ልጆች የበር ብረት ሲበይዱ ነጩ ጭስ አጥሩን ተሻግሮ ወደኔ መጣ። ጣፈጥ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ አለው። ሳላይ አወቅሁት፤ የውሃ ቧንቧ ነው የሚበይዱት። «ኧረ ልጆች፣ ከጭሱ ሸሸት በሉ፣ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣችኋል!» ብዬ ጮህኩ። ሳቁብኝ። ይሳቁ፤ እኛም በጊዜያችን ስቀናል። ሌላው ሰው ሠርጉን በሽቶ ያስታውስ ይሆናል። እኔን ግን ወደዚያ ዕለት የሚመልሰኝ ይኼ የብየዳ ጭስ ነው።

ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከተማችን መካነ ሰላም የቆርቆሮ ቤት እየበዛባት፣ በርና መስኮቱን በብረት የሚያሠራ ሰው እየመጣ ነበር። እኔና አንድ ጓደኛዬ በጄኔሬተር የምትሠራ አንዲት የብየዳ ማሽን ይዘን ከገበያው ዳር ሱቅ ከፍተናል። ሙያውን የለቀምነው ደሴ ሆነን በማየት ነው፤ ያስተማረን የለም፣ ያባረረንም የለም። ዕድሜዬ ለትዳር ገፋ ብሎ ነበርና እናቴ «ይኼ ልጅ ብረት ነው የሚያገባው» እያለች ላገኘችው ሁሉ ስሞታ ታሰማብኝ ነበር።

በኋላ አማቴ የሆኑት ሰው በር ሊያስገጥሙኝ ወግዲ ወሰዱኝ። ልጃቸውን ያየኋት እዚያ ነው። በሩን ስሰቅል የሚያግዘኝ ሰው አጥቼ እሷ ያዘችልኝ፤ ከባድ በር ነበር፣ እሷ ግን ሰቅዬ እስክጨርስ አልለቀቀችውም። ከኔ በፊት ለሌላ ታጭታ ነበር። የዚያን ጊዜ ዳስ ተጥሎ፣ ከብት ታርዶ፣ ሰው ተሰብስቦ ሙሽራው ሳይመጣ ቀረ። ሱዳን ገባ አሉ። እሷ እንደተሸፋፈነች ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ዳሱ ሲፈርስ ከጓዳ ሆና ሰማች። ስለዚህ ሽማግሌ ልኬ፣ ኒካሁ ታስሮ የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ አንድ ቃል ብቻ ላከችብኝ፦ «ፀሐይ ሳለች ይምጣ። ከጠለቀች በኋላ ሰው የምጠብቅበት ልብ የለኝም።» እኔም «እደርሳለሁ በሏት» አልኩ።

የሚወስደን የአጎቴ የጭነት መኪና ነበር። በሠርጉ ዕለት ጠዋት ሊሞክረው ከከተማው ጫፍ ያለውን ዳገት ሲጀምር አንድ ነገር «ጧ!» አለና መኪናው ጥቁር ጭስ ተፍቶ ቆመ። ፍንዳታውን ቤት ሆኜ ሰማሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ተርቦ አለው፤ ተርቦው አየር እየጨመቀ ለሞተሩ ይነፋል። አየሩ ሲጨመቅ ይግላል፤ ስለዚህ በቱቦ ወደፊት ሄዶ፣ ኢንተርኩለር በሚሉት ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ፣ በሌላ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የፈነዳው ያ የመመለሻው ቱቦ ነው። ያለ እሱ መኪናው ሜዳ ላይ ይንፏቀቃል፤ የወግዲን መንገድ ዳገት ግን አይሞክረውም። መለዋወጫው ደሴ እንጂ እኛ ጋ የለ። የከተማው ሌሎች መኪኖች ጭነው ወጥተዋል። በበቅሎ ብንነሣ ደግሞ የምንደርሰው መሽቶ ነው። ቱቦውን ራሳችን ከመሥራት ሌላ ምን አለን?

እኔ ግን ተሞሽሬያለሁ። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ጣቱን እንሶስላ ካቀላው በኋላ ሥራ አይነካም፤ ጫማውን እንኳ የሚያስርለት ሚዜው ነው። ሚዜዬ ደግሞ ያው የሥራ ጓደኛዬ ነው። ነጭ በነጭ እንደለበስኩ ሮጬ ሱቃችን ስደርስ ደረቴን በክርኑ ገፋ አደረገኝ።

«ወዴት ነው? እጅህን ሰብስብ!»

«ቱቦውን ልየው ብቻ።»

«በዓይንህ እየው። ሙሽራ ዓይኑ አልተከለከለም።»

በርጩማ በር ላይ አኖሩልኝ። ማን ሊቀመጥበት! እንደታሰረ ወይፈን በሩ ላይ ስዞር ረፈደ።

ሚዜዬ መጀመሪያ የፈነዳውን ራሱን እንበይደው አለ። አልሙኒየም ነው። «ተው፣ አልሙኒየም በእኛ ማሽን ቅቤ ነው» አልኩት። አልሰማኝም፤ ነካ ሲያደርገው ቀለጠና ቀዳዳው ቡጢ አከለ። ቀጥሎ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አመጣ። ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን እሳቱ ሲነካው ያ ነጭ ጭስ ቦለል ብሎ ተነሣና እሱን ሳል ጣለው። እኔ ከበር ሆኜ «ይከብዳል! መንገዱ ሲያንገጫግጨው ላስቲኩን ይቆርጠዋል፤ ላዩ ላይ የተለበጠው ነጭ ነገርም ከውስጥ እየረገፈ ሞተር ይገባል» እላለሁ። ከዚያ አንድ አሮጌ ማርሚታ ከወዳደቀ ብረት መሀል ጎትቶ የጭስ ማውጫውን ቱቦ አሳየኝ። ስፋቱ ልክ ነው። «እስቲ አንኳኳው» አልኩት። ሲያንኳኳው ከሆዱ የዝገት ቅርፊት ኮሽ ኮሽ እያለ ወረደ።

መኪናውን እያንፏቀቀ ሱቁ ድረስ ያመጣው አጎቴ ይኼኔ ትዕግሥቱ አለቀ። «ሞተሬን ዝገት ልታበሉት ነው?»

«ጋሼ፣ ቆርቆሮስ ብንጠቀልል?» አለ ሚዜዬ።

«ጠቅልልና አንተው በአፍህ ንፋው!»

ፀሐይ አናታችንን አልፋ ሄደች። የሚያስፈልገን ግድግዳው ቀጠን ያለ ግን ጠንካራ፣ ውስጡ ንጹሕ፣ ከሁሉም በላይ ሳይጨማደድ የታጠፈ ቱቦ ነው። እኛ ቱቦ የምናጥፈው አሸዋ ሞልተን በከሰል እያጋልን ነበር፤ ያ ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንዲህ ያለ የታጠፈ ቱቦ የት ነው ያየሁት እያልኩ ጭንቅላቴን ስይዝ ትዝ አለኝ። ትናንት በራሴ ትከሻ ጫጉላ ቤቱ ውስጥ ያስገባሁት አልጋ! ከደሴ ያስመጣሁት የብረት አልጋ ነው፤ ራስጌው ወፍራም ቱቦ ሆኖ ሁለቱ ጥጎቹ እንደ ቀስት ጎበጥ ያሉ።

«አልጋውን አምጡት» አልኩ።

«የማንን አልጋ?»

«የኔን።»

አልጋው ሲመጣ እናቴ ከኋላው እየተከተለች መጣች። «የሙሽራ አልጋ በመጋዝ! ያ ረቢ፣ ጆሮዬ ምን ይሰማል! ራስ በሌለው አልጋ ላይ የሰው ልጅ ልታስተኛ ነው?»

«እማ፣ ልጅቷ ካልመጣች አልጋው ምን ይሠራል?»

ሚዜዬ ጎንበስ ብሎ «አብሽሩ እማማ፣ እግሩን አንነካውም» ሲላት ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ መጋዙ ሲጀምር እንዳይንቀጠቀጥ የአልጋውን ጎን ራሷ ይዛ ቆመች። በራስጌው ቦታ በኋላ ከእንጨት ሠራሁለት፤ መቼም የብረቱን ያህል አላማረም።

ሚዜዬ አንዱን ጥግ ቆርጦ፣ ቀለሙን ፍቆ፣ ቀጥ ያለ ቁራጭ ቀጠለበት። የእሱ ብየዳ እንደ ዶሮ ኩስ ጉብ ጉብ ይላል፣ ግን አየር አያሳልፍም። የብየዳውን ፍርፋሪ ከውስጥ ጠራረገና ወስዶ ገጠመው። በሁለቱም አፍ ላይ ላስቲኩን በማሰሪያ ጥፍር አድርጎ አሰረ። አጎቴ ሞተሩን አስነሣ። ጥቁር ጭስ። ነዳጅ መርገጫውን ወለሉ ድረስ ቢረግጠውም መኪናው እንደታፈነ ሰው ያቃስታል እንጂ ትንፋሽ የለውም።

አጎቴ መሪውን በቡጢ መታ። «የአልጋ ብረት! ማስተኛት እንጂ መንዳት የት ያውቃል!»

ጥላዬን አየሁት፣ ረዝሟል። ወግዲ ላይ ተሸፋፍና የምትጠብቀኝ ልጅ መጣችብኝ፤ የእሷም ጓዳ ውስጥ ጥላ ይረዝማል። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። በእኛ ሱቅ ልማድ ሚዜዬ ቱቦ ሲጠርግ ጨርቅ በሽቦ እየገፋ ያስገባና ለኔ ያቀብለኛል። ጨርቁን የማወጣው እኔ ነኝ፤ አውጥቼ፣ ቱቦውን ወደ ፀሐይ አንሥቼ፣ በውስጡ አይቼ ነው የምገጥመው።

«ጨርቁስ?» አልኩ።

«የቱ ጨርቅ?» አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። «አንተ አይደለህ እንዴ የምታወጣው!»

ልክ ነው። ሌላ በያጅ እንዲህ አይሳሳትም፤ የሁለት ሰው እጅ ተላምዶ እንደ አንድ ሲሠራ ከርሞ፣ አንደኛው እጅ በእንሶስላ ካልታሰረ በቀር። ቱቦውን ልፈታው ስል ሚዜዬ ከልማድ ብዛት እንደገና ክርኑን ዘረጋ። እናቴ ናት የገፋችው።

«ተወው፣ ይንካው! እንሶስላው ይሂድ፣ ልጅቷ ትምጣ!»

ነጩን እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ጨርቁ ልክ መታጠፊያው ላይ ተወትፏል። አወጣሁትና ቱቦውን አነሣሁ፤ ፀሐይዋን በአልጋዬ ብረት ውስጥ አየኋት፣ በጣም ዝቅ ብላለች። ገጠምኩት። መኪናው ሲነሣ ተርቦው ፉጨቱን ለቀቀ፤ ሚዜዬና እናቴ ተቃቀፉ።

መንገዱን ምን ብዬ ልንገርህ? አቧራ ነው፣ ዳገት ነው። ከፀሐይዋ ጋር እየተሽቀዳደምን ሄድን፤ ቀደመችን። ወግዲ ስንደርስ ጠልቃ ሰማዩ ብቻ ቀልቷል። ዘፈን የለም። እንግዳው ጋቢውን እየተከናነበ ሊወጣ ነው። አማቴ የዳሱን አንድ ገመድ ፈተው በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

ዘልዬ ወርጄ ሰላምታ ሰጠሁ። እጄን አዩት፤ እንሶስላና ግሪስ ተደባልቆበታል።

«ሙሽራ ነህ ወይስ መካኒክ?»

«ሁለቱም ነኝ አባባ። መኪናው ተሰብሮብን ነው፤ አፉ በሉኝ።»

ገመዱን ለአንድ ጎረምሳ ሰጡት። «መልሰህ እሰረው» አሉ። ወደ ጓዳ ዞረው «መጥቷል» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ከጓዳው አንዲት ሴት እልል አለች።

ሲነጋ ይዘናት ተነሣን። አጎቴ ይነዳል፣ እኔ መሀል ነኝ፣ እሷ መስኮቱ ጋ እንደተሸፋፈነች ተቀምጣለች፤ እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ዳገቱ ሲጀምር እኔ እንደገና ዕረፍት አጣሁ። ድምፁ በተለወጠ ቁጥር ብድግ እላለሁ፣ ወደፊት እሰግጋለሁ፣ «ቀስ ጋሼ፣ ማርሽ ቀንስ» እላለሁ። አጎቴ ሊሰድበኝ አፉን ሲከፍት ከመሸፈኛው ሥር አንድ እጅ ወጣና የልብሴን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ሳበኝ።

«ቁጭ በል» አለችኝ ቀስ ብላ። «መጥተሃል እኮ።»

ቁጭ አልኩ።

ካለፈች ከረመች። ከባድ መኪና ዳገቱን ሲወጣ ስሰማ ዛሬም ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። እስኪያልፍ ቆሜ አዳምጣለሁ። ከዚያ ልብሴን የሚስበኝ ስለሌለ፣ ራሴው እቀመጣለሁ።