ኪዊው እስኪያፈራ

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት ስፌት መኪናዋ ላይ ከመቀመጧ በፊት ሁለት ሥራ ነበረባት፤ የአባቷን ሸሚዝ መቆለፍ፣ ከዚያ ጓሮ ወጥታ ሐረጉን ማየት። አባቷ አርባ ዓመት የሰው ፀጉር ሲያስተካክሉ ኖረው ሥራ ያቆሙ ሰው ናቸው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቁልፍና ቀዳዳ አልገናኝ ይላቸዋል። እሷ አምስቱን ቁልፍ ከታች ወደ ላይ ትቆልፍላቸዋለች፤ እሳቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ።

ሐረጉ የእናቷ ነው። የወይን ፍሬ የምታክል፣ ልጣጯ ለስላሳ፣ ከነልጣጯ የምትበላ፣ ኪዊ የምትባል ፍሬ ይሰጣል ተብሎ እናቷ ሁለት ችግኝ ተክለው ፍሬውን ሳያዩ ሞቱ። አንዱ ሐረግ ወንድ ነው፣ አንዷ ሴት። ወንዱ ራሱ አያፈራም፤ የእሱ አበባ ከሌለ ግን ሴቷም አታፈራም። ለቅሶው አልፎ ልጅቱ ሌላ ከተማ ጓደኛዋ የከፈተችው ስፌት ቤት ልትሄድ ሻንጣ ስታወጣ፣ አባቷ አንድ ነገር ለመኗት።

«የእናትሽን ፍሬ አንዴ እስክንቀምስ ብቻ ቆዪልኝ። ከዚያ መርቄ እሸኝሻለሁ።»

አንዴ ምን አላት? እሺ አለች። ይኸው ሰባት ዓመቷ! በየዓመቱ ብርዱ ሲያልፍ ሴቷ ሐረግ ነጭ በነጭ ትሆናለች፣ አበባው ይረግፋል፣ አለቀ። ወንዱ ቅጠል ብቻ ነው። ጎረቤቷ በአጥር አሻግራ «ላም አለኝ በሰማይ!» እያለች ትስቅባታለች። ልብስ ሰፊዋም አብራ ትስቃለች። ማንም በር አልቆለፈባትም፣ ማንም አላሰራትም፤ እግሯ ግን ከዚያ ሐረግ ሥር አልነቀል አለ። አርባ አንድ ዓመት ሞላት።

ዘንድሮ ጓደኛዋ ደወለች። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣሽ ያቆየሁልሽን ስፌት መኪና ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። አትቀየሚኝ እህቴ፣ ስንት ዓመት ልጠብቅሽ?»

በዚያው ዕለት ችግኙን ለእናቷ የሸጠውን ሰው ለምና አመጣችው። በርጩማ ላይ ወጣና የወንዱን ቅጠል ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ያብባል እኮ!» አለ። «እምቡጡን ሳይፈነዳ የሚቆርጠው ሰው አለ እንጂ።»

«ወፍ ይሆናላ።»

«ወፍ መቀስ ይዛ? ነይ እዪው። አንዲት ቅጠል አልተነካች፣ አንድ ቦታ አልተቦጨቀ። እንዲህ የሚከረክም እጅ እኔም የለኝ።»

ክው አለች። እንዲህ የሚከረክም እጅ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። ያ እጅ ደግሞ ዛሬ ጠዋት አንዲት ቁልፍ አቅቶት በእሷ ጣት ነው የተቆለፈለት። ሻጩን ሸኝታ ብቻዋን ቆመች። ሐረጉስ ሐረግ ነው፣ ይቅር። ከሁለት ሺህ በላይ ጠዋት እዚያ ሸሚዝ ፊት ማጎንበሷ ነው ያንገበገባት።

በማግስቱ አባቷ እንደ ልማዳቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው መጡ።

«አባባ፣ ዛሬ እርስዎ ይቆልፉት።»

«እጄ እኮ ልጄ…»

«እምቡጡን አይቻለሁ።»

አባቷ አገጫቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ «ብቻዬን ምን ልሆን ነው?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ። እሷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች።

እጃቸውን አነሱ። የመጀመሪያዋን ቆለፉ፤ ሁለተኛዋን ቆለፉ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ልጅቱ አንዷን እንኳ እንዲስቱ በልቧ ለመነች። አንዷን ቢስቱ ሮጣ ትቆልፍላቸው ነበር፤ የእምቡጡንም የጉዞዋንም ነገር ትተወው ነበር። አምስተኛዋን አንገታቸው ሥር፣ ሳያዩ፣ በአንድ ጊዜ ቆለፉ። ኮሌታቸውንም አስተካከሉ።

ስልኳን አነሳችና ለጓደኛዋ ደወለች። «መኪናውን ለማንም እንዳትሰጪብኝ» አለቻት፣ አባቷ እየሰሙ።