ማጠንከሪያ በመጨረሻ

ከእስር ቤቱ ሁሉ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ማሳከኩ ነው። ከሥራ ላይ ሲያነሡኝ ክንዴን አልታጠብኩም ነበርና የፋብሪካው የመስታወት ክር ብናኝ አብሮኝ ታሰረ። ክፍሉ ጠባብ፣ ወለሉ እርጥብ ነው። ልቀመጥ ስል ይበላኛል፤ ተነሥቼ ከበሩ እስከ ግድግዳው እመላለሳለሁ። በጠብ የታሰረች አንዲት ጠላ ሻጭ፣ “እባክሽ አንድ ቦታ እረፊ፣ አዞርሽኝ!” ትለኛለች።

የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነበር። ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ ከፕላስቲክ ሙጫና ከመስታወት ክር የውኃ ታንከር እንሠራ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ለዚህ ይሆናል ቃል ሲዛባ የማልወደው። የፈረንጅ ጽሑፍ ብቻ ላለባቸው ጀሪካኖች፣ ፈረንጁ መሐንዲስ ጽሑፉን ማንበብ አስለምዶኝ፣ የአማርኛ ስም እየፈለግኩ እለጥፍባቸው ነበር፤ ሙጫ፣ ማፋጠኛ፣ ማጠንከሪያ። ማፋጠኛው ከሙጫው ጋር በደንብ ይዋሃዳል፤ ማጠንከሪያው በመጨረሻ ይገባል። ሁለቱ ለብቻቸው ከተገናኙ ይፈነዳሉ።

ያሳሰረኝ ሌላ ወረቀት ነው። ጓንትና ጭንብል እንዲሰጠን የሚጠይቅ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ፖሊሶቹ የእጅ ጽሑፉ ከጀሪካኖቹ ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን አይተው የጀሪካኖቹን ሁሉ ልጠው ወሰዱ። ከወንዶቹ አራት፣ ከሴቶቹ እኔን ያዙ። የማን እጅ እንደሆነ ማንም አልተናገረም። የጣቢያው መቶ አለቃ የእጅ ጽሑፌን ለማመሳከር ሊያስጽፈኝ ሲል፣ “ፊደል አላውቅም” አልኩት። አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሮ የሰጠሁት ቃል ላይ አስፈረመኝ። ከማሳከኩ ይልቅ ያ ጣት ዕረፍት ነሣኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስጠራኝ። “ነገ ትወጫለሽ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምን ያሳድማል?” ብሎ ሳቀ።

ገና ከፊቱ እንደቆምኩ የሙጫ ክፍሉ ሽማግሌ ሠራተኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። በእጃቸው ከጀሪካን አንገት የተፈቱ፣ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት ካርቶኖች ይዘዋል።

“አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?” አሉኝ በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

“ደህና ነኝ አባባ። አንቱስ እንዴት አደሩ?”

“ምን ደህና አለ! አዲስ ጀሪካኖች መጡ። ሁለቱም ነጭ፣ ውስጣቸውም ውኃ የመሰለ። መሐንዲሱ አገሩ ገብቷል። አለቃው ‘ዝም ብላችሁ ቀላቅሉ’ ይላል። የቱ የቱ ነው? ካንቺ በቀር የሚያነበው የለም እኮ።”

ፊደል አላውቅም ማለቴን ማን ነግሯቸው! የመቶ አለቃውን ፊት ሲያዩ ግን ገባቸው መሰለኝ፣ ካርቶኖቹን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

“ታነባለች እንዴ?” አለ መቶ አለቃው።

ሽማግሌው ተሳስተው ነው ብል ይበቃኝ ነበር። ቅንድባቸውን አየሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ኩባያ ተሳስቶ ተቀላቅሎ አቃጥሎት፣ ከዚያ ወዲህ አልበቀለም።

“ይስጡኝ አባባ” አልኩ። አነበብኩት። ወደ መቶ አለቃው ዞሬም፣ “ብዕር ያውሱኝ” አልኩ።

“ፊደል አላውቅም ብለሽ?”

“የማላውቀው ለእርስዎ ነበር።”

በአንደኛው ካርቶን ጀርባ “ማፋጠኛ፤ መጀመሪያ ከሙጫ ጋር”፣ በሌላው “ማጠንከሪያ፤ በመጨረሻ” ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌን ላጣምም እችል ነበር፤ አላጣመምኩም። አንዷ ፊደል ብትፈስብኝ ሰርዤ ደግሜ ጻፍኳት።

መቶ አለቃው እጁን ዘረጋ። “ይሄ ማስረጃ ነው።”

“ለእርስዎ ሌላ እጽፍልዎታለሁ። ይሄ ለሥራ ይፈለጋል።”

ከፊቱ ወረቀት ስቤ ያንኑ ቃል በቃል ጻፍኩለት። ከዚያ ቀለም የነካው የአውራ ጣቴ አሻራ ያለበትን ቃሌን አስወጥቼ፣ ከአሻራው ጎን ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ። መቶ አለቃው ሽማግሌውን ከነካርቶኖቹ እንዲሄዱ በአገጩ አመለከታቸው።

በማግስቱ አልወጣሁም። ዘጠኝ ወር ቆየሁ። ሽማግሌው አንድ እሑድ ሊጠይቁኝ መጡ። ሁለቱንም እጆቻቸውን በፍርግርጉ በኩል ዘርግተው እያገላበጡ አሳዩኝ፤ አልተቃጠሉም።

አሁን ብጠየቅ ለ“ማፋጠኛ” የተሻለ ቃል አገኝለት ይሆናል፤ ነገሩ አሁንም ይከነክነኛል። ቀበሌ ስሄድ ዕድሜዬን የሚያዩት ልጆች አንዳንዴ የጣት አሻራ ቀለሙን ሳህን ያስጠጉልኛል። መልሼ ገፋ አደርግላቸውና ብዕር እጠይቃለሁ።